ምዕራፍ 5፦ ጂኑ ሳይነካ

ወባ ተጠርጥሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ተውሳክ ከተገኘበት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ፋልሲፓረም ወይም ቫይቫክስ። የላቦራቶሪ ባለሙያው የትኛው እንደሆነ ለይቶ መጻፍ አለበት። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ አድፍጦ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ዳግም ስለሚነሳ ተጨማሪ መድኃኒት ይፈልጋል። ለእኛ ይህ የተለመደ ነው። ወደ ምዕራብና ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ፋልሲፓረም እጅግ በርትቶ ሳለ ቫይቫክስ ብርቅ ነው። ትንኟ አለች፣ ሙቀቱና ዝናቡ አለ፣ ሰውም በብዛት አለ። ታዲያ ያንን አንዱን ተውሳክ ብቻ የከለከለው ምንድን ነው?

መልሱ ላይ ለመድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በ1950 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ አገር ደጋግሞ ደም የተሰጠው አንድ የሄሞፊሊያ ታማሚ ሰውነቱ የለጋሾቹን ደም አልቀበል አለ። ምክንያቱ ሲፈለግ እስከዚያ ያልታወቀ የደም ዓይነት ተገኘ፤ በታማሚው ስም ደፊ ተባለ። ደፊ በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ የሚቀመጥ ፕሮቲን ነው። ብዙም ሳይቆይ ዝርያቸው ከምዕራብ አፍሪካ ከሆነ ሰዎች አብዛኞቹ ይህ ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ እንደሌለ ታወቀ። ሁለቱን ነገሮች ያገናኙት አሜሪካዊው ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ናቸው። በ1976 ባወጡት ጥናት ቫይቫክስ በተሸከሙ ትንኞች ከተነከሱት ሰዎች መካከል ደፊ የሌላቸው አምስቱ አልተያዙም፤ ያላቸው ሁሉ ግን ተያዙ። ተውሳኩ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው ይህን ፕሮቲን ጨብጦ ነውና የሚጨብጠው ሲያጣ ደጅ ይቀራል።

እዚህ ላይ ማንም ሰው የሚገምተው እነዚህ ሰዎች የደፊ ጂን እንደሌላቸው፣ ወይም ጂኑ እንደተበላሸባቸው ነው። በ1995 ፓሪስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ጂኑን ፊደል በፊደል አነበቡት። ምንም አልጎደለውም። የፕሮቲኑን አሠራር የያዘው ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጤናማ ነበር። ለውጡ የተገኘው ከዚያ ክፍል ውጭ፣ ጂኑ መነበብ ከሚጀምርበት ቦታ ጥቂት ደርዘን ፊደላት ቀደም ብሎ ነው። ቲ መሆን የነበረበት አንድ ፊደል ሲ ሆኗል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ እነዚሁ ሰዎች የደፊን ፕሮቲን ጨርሶ አለማጣታቸው ነው። በደም ሥሮቻቸው የውስጥ ገጽ ላይ አለ፤ በትንሹ አንጎላቸው ነርቮችም ላይ አለ። የጠፋው ከቀይ የደም ሕዋስ ላይ ብቻ ነው።

ከጂኑ ጽሑፍ ውጭ አንዲት ፊደል ተለወጠች፤ ጂኑ በአንድ ዓይነት ሕዋስ ጠፋ፣ በሌሎቹ እንደበራ ቀረ። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ያ እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ነው። ስለ ውርስ ስናወራ ሁልጊዜ የምንጠይቀው «ጂኑ አለው ወይስ የለውም?» ብለን ነው። ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው መንገድ የሚያስት ይመስለኛል። ጂኑማ አለ። መጠየቅ ያለበት የት ይበራል፣ መቼ ይበራል፣ ምን ያህል ይበራል የሚለው ነው።

* * *

የሰው ዲኤንኤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ በሚባሉ አራት ፊደላት የተጻፈ ነው። ርዝመቱ 3 ቢሊዮን ፊደል ያህል ሲሆን አንድ ቅጂ ከእናት፣ አንድ ቅጂ ከአባት እንወርሳለን። ፕሮቲን የሚሠሩት ጂኖች 20,000 ገደማ ናቸው፤ የፕሮቲን አሠራር የተጻፈበት ክፍል ሁሉ ቢደመር ግን ከጠቅላላው ጽሑፍ 2 በመቶ አይሞላም። የጉበት ሕዋስም የዓይን ሕዋስም ይህንኑ ጽሑፍ ሙሉውን ይዟል። (የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክሊየሱን አውጥቶ ስለሚጥል ዲኤንኤ የለውም። ስለ ቀይ የደም ሕዋስ ጂኖች ሳወራ መቅኔ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያለውን ሕዋስ ማለቴ ነው።)

ሁሉም ሕዋስ ሙሉውን ጽሑፍ መያዙ በአንድ ወቅት አከራካሪ ነበር። ሕዋስ ሥራውን ሲይዝ የማይፈልጋቸውን ጂኖች ይጥላቸዋል፣ ወይም ለዘላለም ይቆልፋቸዋል ብለው የሚያስቡ ሊቃውንት ነበሩ። በ1962 እንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ከእንቁራሪት እጭ አንጀት የሕዋስ ኒውክሊየስ ወስዶ የራሱ ኒውክሊየስ እንዳይሠራ በተደረገ እንቁላል ውስጥ አስገባ። ከእነዚህ እንቁላሎች ጥቂቶቹ አድገው ሙሉ እንቁራሪት ሆኑ። ምግብ መፍጨት ሥራው የሆነው የአንጀት ሕዋስ ዓይን፣ ልብና አንጎል የሚሠራበትን ጽሑፍ አልጣለውም፤ አያነበውም እንጂ። ጉርደን ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ነው።

ታዲያ አንድ ሕዋስ ከተሸከመው ጽሑፍ መርጦ የሚያነበው እንዴት ነው? መጀመሪያ አቀማመጡን እንይ። ከአንድ ሕዋስ የወጣ ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የሚኖርበት ኒውክሊየስ ግን ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ አይበልጥም። ሸማኔ ማጉን በቀሰም ላይ እንደሚጠነጥን ሕዋስም ዲኤንኤውን ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠነጥነዋል። በእያንዳንዱ የሂስቶን ስብስብ ላይ 147 ጥንድ ፊደል ያርፋል፤ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ተጠንጥኖና ተጠቅጥቆ የተቀመጠውን ክፍል የሚያነቡት ኢንዛይሞች በቀላሉ አይደርሱበትም። ሂስቶኖቹ ላይ አሴታይል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ምልክት ሲለጠፍ ጥምጥሙ ይላላል፣ ምልክቱ ሲነሳ ይጠብቃል። ሜታይል የሚባል ሌላ ምልክት ደግሞ በዲኤንኤው በራሱ ላይ ይለጠፋል፤ በጂን መነሻ አካባቢ ሲበዛ ጂኑን ዝም ያሰኘዋል። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ይህን የሜታይል ምልክት በአዲሱ ቅጂ ላይ የሚደግም ኢንዛይም አለ። ከጉበት ሕዋስ የተወለደ ሕዋስ ጉበት ሆኖ የሚቀጥለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ ምልክቶች የት መለጠፍ እንዳለባቸው ግን ራሳቸው አያውቁም። ምልክት ለጣፊዎቹ ኢንዛይሞች በጽሑፉ ላይ አድራሻ ማንበብ አይችሉም። ያንን የሚያደርጉት ጂን ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች ናቸው። የሰው ዲኤንኤ ከእነዚህ 1,600 ያህሉን ይሠራል። እያንዳንዱ ፕሮቲን ስድስት፣ ስምንት ወይም አሥር ፊደል የምታህል የራሱን አጭር ቃል ያውቃል፤ ያችን ቃል ሲያገኝ ላይዋ ላይ ይቀመጣል። ተቀምጦም ሌሎችን ይጠራል፤ ሂስቶን የሚያላሉትን፣ በመጨረሻም ጂኑን ወደ አርኤንኤ የሚገለብጠውን ኢንዛይም። የሚቀመጡባቸው ቦታዎች ናቸው ማብሪያ የምላቸው። አንዳንዱ ማብሪያ እዚያው በጂኑ ደጃፍ ላይ ነው፤ ፕሮሞተር ይባላል። ሌላው በአሥር ሺዎች፣ አንዳንዴም በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ፊደል ርቆ ይገኛል፤ ኢንሃንሰር ይሉታል። ዲኤንኤው ታጥፎ ሩቁን ማብሪያ ከጂኑ ደጃፍ ጋር ያገናኘዋል።

ለቀይ የደም ሕዋስ ዋናው ተቆጣጣሪ ጋታ-1 ነው። ስሙን ያገኘው ከሚያውቃት ቃል፣ ጂ-ኤ-ቲ-ኤ ከምትለው ነው። የሚገኘውም በዋናነት ቀይ የደም ሕዋስ ለመሆን መንገድ በጀመሩ ሕዋሳትና በጥቂት የደም ዘመዶቻቸው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለች አጭር ቃል በ3 ቢሊዮን ፊደል ውስጥ በአጋጣሚ ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ትገኛለች። ጋታ-1 ግን ከመቶው አንዱን እንኳ አይዝም። አብዛኞቹ በጥምጥሙ ውስጥ ተሸፍነዋል፤ በሌሎቹ ደግሞ አብረውት መቀመጥ ያለባቸው ፕሮቲኖች የሉም። ጂን የሚበራው በአንድ ፕሮቲን ትእዛዝ ሳይሆን በርካታ ተቆጣጣሪዎች በአንድ ቦታ ላይ ሲገጣጠሙ ነው። ሕዋስ ውስጥ ሁሉን የሚያይ አለቃ የለም። ይህንን ነገር ስለ ሕዋስ ከተማርኩት ሁሉ በላይ እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ደፊ እንመለስ። በፓሪስ የተገኘችው አንዲት ፊደል ያረፈችው ልክ በጋታ-1 ቃል መካከል ነው። ቃሏ ስትበላሽ ጋታ-1 የሚቀመጥበት አጣ፤ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ደፊ ጠፋ። የደም ሥር ግድግዳ ሕዋስ ግን ጋታ-1ን ድሮም አይጠቀምም። ጂኑን የሚያበራው በሌሎች ፕሮቲኖች ነውና ለውጧ አልነካችውም። የፕሮቲኑ አሠራር የተጻፈበት ክፍል ቢበላሽ ኖሮ ጉዳቱ በሁሉም ሕዋስ ውስጥ በታየ ነበር። ማብሪያ ሲበላሽ ግን የሚጎዳው በዚያ ማብሪያ የሚሠራው ቦታ ብቻ ነው። በዘመናት ርዝመት የሕይወትን መልክ ከለወጡት ለውጦች ብዙዎቹ በጂኖች ሳይሆን በማብሪያዎች ላይ የተገኙት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ጋታ-1ንስ ማን ያበራዋል?» የሚል አንባቢ ትክክል ነው። ሌሎች ተቆጣጣሪዎች ያበሩታል፤ አንዴ ከበራ በኋላ ደግሞ የራሱን ጂን ማብሪያ ይዞ እንደበራ ያቆየዋል። ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ሲቆጠር እናት በእንቁላሏ ውስጥ እስካስቀመጠቻቸው ፕሮቲኖችና አርኤንኤዎች ድረስ ይሄዳል።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። በአገራችን ደፊ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ቫይቫክስም ተደላድሎ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞም ጠፍቷል የተባለው ማብሪያ ፍጹም ከለላ እንዳልሆነ ካሳዩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ2010 በማዳጋስካር፣ ከዚያም በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ደፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቫይቫክስ ተገኝቷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የእነዚህ ሰዎች መቅኔ ሲመረመር በመሠራት ላይ ባሉ ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ደፊ ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ እንደሚጠፋ ታይቷል። መብራትና መጥፋት ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ ነገር አይደለም።

ስለ ደፊ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፤ ብዙ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ስለሆነ ነው። ይችው የፊደል ለውጥ ከሁለቱም ወላጆቹ የደረሰችው ሰው ደሙ ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ለአውሮፓውያን ከወጣው መለኪያ ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሰውየው ከሌላው በበለጠ በኢንፌክሽን አይያዝም። ግን አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነጭ የደም ሕዋስህ አንሷል ተብሎ ላላስፈለገ ምርመራ ሊላክ፣ ወይም የሚያስፈልገው መድኃኒት ሊቀነስበት ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙን ስለ ደፊ መጠየቅ ተገቢ ነው።

* * *

ጂን እንደሚበራና እንደሚጠፋ መጀመሪያ በግልጽ የታየው ከወተት ጋር በተያያዘ ነው። በ1961 ፈረንሳውያኑ ፍራንስዋ ዣኮብና ዣክ ሞኖ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ላክቶስን፣ ማለትም የወተትን ስኳር፣ የሚፈጭ ኢንዛይም የሚሠራው ላክቶስ ሲያገኝ ብቻ እንደሆነ አስረዱ። ስኳሩ ከሌለ አንድ ፕሮቲን በጂኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ንባቡን ያግዳል፤ ስኳሩ ሲመጣ አጋጁ ይነሳል። ለዚህ በ1965 ከአንድሬ ልዎፍ ጋር ኖቤል ተሸለሙ።

እኛም ላክቶስ የሚፈጭ ጂን አለን፤ ላክቴስ የተባለውን ኢንዛይም ይሠራል፣ የሚበራውም በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። አሠራሩ ግን ከባክቴሪያው በጣም ይለያል። የእኛ ማብሪያ ወተት መጣ አልመጣ ብሎ አይጠይቅም፤ የሚከተለው ዕድሜን ነው። ሕፃን ሁሉ በርቶለት ይወለዳል። በልጅነት ዓመታት ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ እስከነጭራሹ ይዳከማል። ያልተፈጨው ላክቶስ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርድና ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ያስቀምጣል። ወተት ደጋግሞ መጠጣት የጠፋውን ጂን አያበራም። የሁዳዴን 55 ቀናት ወተት ሳይቀምስ የከረመ ሰውም በጾሙ ምክንያት የበራው አይጠፋበትም። ለተደጋጋሚ ወተት ራሳቸውን የሚያስማሙት የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው። ወተት የማይስማማው ሰው እርጎ የሚስማማው ደግሞ የላክቶሱን ከፊል ባክቴሪያዎቹ አስቀድመው ስለበሉት ነው፤ ቅቤ ውስጥም የሚቀረው ላክቶስ እዚህ ግባ አይባልም።

ከአዋቂዎች ሲሶው ግን ሽማግሌ እስኪሆን ትኩስ ወተት ይጠጣል። ምን ቢለወጥለት ነው? በ2002 ሊና ፔልቶነን የመሩት ቡድን የፊንላንድ ቤተሰቦችን አጥንቶ መልሱን አገኘ። የላክቴስ ጂን በራሱ ምንም አልተለወጠም። ለውጡ ያለው ከጂኑ መነሻ 13,910 ፊደል ርቆ ሲሆን፣ ያረፈውም በጎረቤት ጂን ሆድ ውስጥ ነው። ጎረቤቱ ጂን ከወተት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፤ ዲኤንኤ ሲባዛ የሚሠራ ፕሮቲን ነው የሚሠራው። በውስጡ ግን የላክቴስ ኢንሃንሰር ተቀምጦበታል። አንድ ሲ ወደ ቲ ስትለወጥ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን አጥብቆ የሚይዛት ቃል ተፈጠረች።

ያች የአውሮፓውያን ፊደል በምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ዘንድ ስትፈለግ ግን አልተገኘችም ማለት ይቻላል። ወተት ዋና ምግባቸው የሆነ ሕዝቦች በምን ይፈጩታል? በ2007 ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ ከታንዛኒያ፣ ከኬንያና ከሱዳን 470 ሰዎችን መርምረው ሌሎች ሦስት ለውጦችን አገኙ፤ በ14,010፣ በ13,915 እና በ13,907 ርቀት ላይ። ቁጥሮቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ከአውሮፓው ጋር አራቱም ከ110 ባነሱ ፊደላት ውስጥ ነው ያሉት። ለየብቻቸው በተለያየ ምድር የኖሩ፣ ላምም ግመልም ያረቡ ሰዎች በ3 ቢሊዮን ፊደል ውስጥ ያችኑ አንዲት ጠባብ ቦታ ነው የነኩት። የ13,915ቱ በአረቢያ ምድር በብዛት ይገኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በ2013 የታተመ ጥናት አንድ ሳይሆን በርካታ የዚህ ማብሪያ ለውጦች በአንድ ሕዝብ መካከል እንኳ አብረው እንደሚገኙ አሳይቷል። አንድ የተመረጠ ለውጥ ሌላውን ጠራርጎ አላሸነፈም፤ ብዙዎቹ በአንድነት በዝተዋል። ይህ ሁሉ የሆነው ካለፉት 10,000 ዓመታት ወዲህ፣ ሰው ከብት ማርባት ከጀመረ በኋላ ነው።

ለውጡ የሌለባቸው ሰዎች ላይ ማብሪያው እንዴት እንደሚጠፋም በ2016 አንድ ጥናት አሳይቷል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር በዚያ ማብሪያ አካባቢ የሜታይል ምልክት ይከማቻል፤ ወተት የሚፈጩት ሰዎች ላይ ግን ያን ያህል አይከማችም። የተቆጣጣሪ ፕሮቲን መቀመጥና የሜታይል መለጠፍ እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ይሆናሉ።

* * *

ሦስተኛው ታሪክ ደም ውስጥ ነው፤ ከሦስቱ በጣም የሚያሳስበኝም እርሱ ነው።

ጽንስ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ ደም ተቀብሎ ነው። ስለዚህ የእርሱ ሄሞግሎቢን ከእናቱ ይልቅ ኦክስጅን አጥብቆ መያዝ አለበት። ለዚህም ጋማ ከተባለ ጂን የሚሠራ የጽንስ ሄሞግሎቢን አለው። ከተወለደ በኋላ ጋማ ይጠፋና በዚያው በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ጎረቤት የሆነው ቤታ ይበራል፤ ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው ቅይይሩ በአብዛኛው ያልቃል። ሁለቱም ጂኖች የሚያዙት በአንድ የሩቅ ማብሪያ ነው። ማብሪያው ጽንስ ላይ ወደ ጋማ፣ በኋላ ወደ ቤታ ታጥፎ ይነካል። መንካቱ ውጤት ሳይሆን ምክንያት መሆኑን በ2014 ፊላዴልፊያ ያሉ ተመራማሪዎች አሳዩ። በአዋቂ ሕዋስ ውስጥ ማብሪያውን በሰው ሠራሽ ፕሮቲን ጎትተው ከጋማ ጋር ሲያገናኙት ተኝቶ የነበረው ጋማ በራ።

ሲክል ሴል የቤታ በሽታ ነው። ከቤታ ጂን አንዲት ፊደል ተለውጣ ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን ሲለቅ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ቀይ የደም ሕዋሱን ማጭድ ያስመስለዋል፤ ሕዋሱ ቀጭን የደም ሥር ይዘጋል፣ ሕመሙም ብርቱ ነው። በ1948 ብሩክሊን ውስጥ ትሠራ የነበረች ጃኔት ዋትሰን የተባለች ሐኪም የአራስ ልጆች ደም ይህን ቅርፅ እንደማይዝ አስተዋለችና ምክንያቱ የጽንስ ሄሞግሎቢናቸው እንደሚሆን ገመተች። ልክ ነበረች። በምሥራቃዊ ሳዑዲ አረቢያ የሚገኙ በርካታ የሲክል ሴል ታማሚዎችም የጽንስ ሄሞግሎቢናቸው አድገውም ከፍ እንዳለ ስለሚቀር በሽታው በተወሰነ መጠን ይቀልላቸዋል። እንግዲህ የተበላሸውን ቤታ ከማስተካከል ይልቅ ጤነኛውን ጋማ መልሶ ማብራት ይቻላል ማለት ነው።

ለዚያ ጋማን የሚያጠፋው ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በ2007 እና በ2008 በለንደን፣ በሰርዲኒያና በቦስተን የተሠሩ ጥናቶች ወደ አንድ ፕሮቲን ጠቆሙ፤ ቢሲኤል11ኤ። ይህ ፕሮቲን ጋማን ዝም ያሰኛል። ታዲያ ጂኑን ቆርጦ መጣል ነዋ! እንዲያ ቀላል አይደለም። ቢሲኤል11ኤ አንጎል ሲሠራና አንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ሲያድጉ ግድ ያስፈልጋል። ጂኑ በሁሉም ቦታ ቢጠፋ ሰውየው ይጎዳል።

መፍትሔው የመጣው ከማብሪያው ነው። በ2013 የቦስተን ተመራማሪዎች ቢሲኤል11ኤን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ብቻ የሚያበራ ኢንሃንሰር እዚያው ጂኑ ሆድ ውስጥ አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ክሪስፐር በተባለው መቁረጫ ኢንሃንሰሩን ነጥብ በነጥብ እየቆረጡ ሲፈትሹ አንዲት በጣም ወሳኝ ቦታ ወጣች። የጋታ-1 ቃል ነበረች። በደፊ ታሪክ ተፈጥሮ የሰበረችው ዓይነት ቃል በቢሲኤል11ኤ ማብሪያ ውስጥም ተቀምጣለች። እርሷን ብቻ ብትሰብሯት ቢሲኤል11ኤ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይቀንሳል፣ ጋማ ይበራል፤ አንጎል ግን ጋታ-1ን ለዚህ ሥራ አይጠቀምምና ምንም አይነካውም።

ካስጀቪ የተባለው ሕክምና ይህንኑ ያደርጋል። በኅዳር 2023 ብሪታኒያ፣ በታኅሣሥ አሜሪካ ፈቀዱት፤ ባሕሬንና ሳዑዲ አረቢያም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። ከታማሚው የደም ግንደ ሕዋሳት ይወሰዳሉ፣ በላቦራቶሪ ያች ቦታ ትቆረጣለች፣ ከዚያ መቅኔው በኬሞቴራፒ ተጠርጎ የተስተካከሉት ሕዋሳት ይመለሳሉ። በአሜሪካ ፈቃድ ሲሰጠው ለበቂ ጊዜ ክትትል ከተደረገላቸው 31 ታማሚዎች 29ኙ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከባድ የሕመም ቀውስ አልደረሰባቸውም። ቀድሞ በየጊዜው ሆስፒታል ይተኙ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የታመመው የቤታ ጂን ዛሬም እንደታመመ በሕዋሳቸው ውስጥ አለ፤ ማንም አልነካውም።

ዋጋው በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ግንደ ሕዋስ የሚለይና የሚያርም ላቦራቶሪ፣ ከኬሞቴራፒው በኋላ ታማሚውን ለሳምንታት ከኢንፌክሽን የሚጠብቅ ክፍል ያስፈልጋል። በዓለም ላይ ከሲክል ሴል ጋር ከሚወለዱት ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ደግሞ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ይህን ቁጭ ብሎ ማሰብ ያማል። የማብሪያው እውቀት እነዚህ ልጆች ጋ ካልደረሰ ለማን ተገኘ?

በእጃችን ያለው ሃይድሮክሲዩሪያ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የጽንስ ሄሞግሎቢንን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። በአንጎላ፣ በዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ከ600 በላይ ልጆች ወስደውት በ2019 የታተመው ውጤት ሕመማቸው፣ ደም መውሰዳቸውና ሞት መቀነሱን አሳይቷል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠበቁት ቢሲኤል11ኤን ያለ መቁረጫና ያለ ኬሞቴራፒ የሚቀንሱ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ አሁን በሲክል ሴል ታማሚዎች ላይ እየተሞከረ ነው። የሚሠራውም ሂስቶን ላይ የማጥፊያ ምልክት የሚለጥፉትን ፕሮቲኖች በማገድ ነው።